ያልተነሣው አውድማ

ከሜዳው፣ መርሳ አጠገብ
ግንቦት 2014 ዓ.ም.

ለሜላት አባት፣ ለባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ብርድ ሲነካው ይቆረጥምህ ነበርና ዘወትር የማስበው እሱን ነው። አንተ የሀብሩ ሙቀት ያሳደገህ ሰው ነህ፤ የሄድክበት ደግሞ ደጋ ነው ይላሉ። ጋቢህን ጥለህ መሄድህ እስካሁን ያናድደኛል። በሩ ላይ ቆሜ ያዘው ብልህ «ሸክም አታብዢብኝ፣ ቶሎ እመለሳለሁ» ብለህ ነው የወጣኸው። ጋቢው እዚሁ አለ። አጥቤ፣ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ አልፎ አልፎ አውጥቼ ፀሐይ አሳየዋለሁ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባትህ አባባ ማሩ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል፣ ቁጣቸው ግን እንዳለ ነው። ሜላት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች። ስትስቅ አንተን ትመስላለች፣ ስታኮርፍም አንተን፤ እኔ ከዚህች ልጅ ምን እንደደረሰኝ እንጃ። ዳልቻው በሬ አሁንም አጥር ይጥሳል። ቦራውን በሬ ግን ያኔ በጦርነቱ ወራት ሰዎቹ መጥተው ሲያርዱት ምንም ማድረግ አልቻልንም። ይህን ከመጀመሪያው የጻፍኩት ኋላ ከሌላ ሰው ሰምተህ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው።

ስልክ ተመልሶ ሳለ ደብዳቤ ለምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ደውያለሁ። ስልኩ ተከፈተ በተባለ ሰሞን መርሳ ወርጄ ካርድ ሞልቼ ደወልኩልህ። ያቺ የስልክ ሴትዮ ሊያገኟቸው አይችሉም ትለኛለች። እሷን ማን ጠየቃት? እኔም ደጋግሜ ደወልኩ፣ እሷም ያንኑ ደጋገመችብኝ፤ በመጨረሻ ሱቁ ውስጥ ሰው እየሰማኝ ሰደብኳት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ወረቀት የዞርኩት። አንተ ከስድስተኛ ስታቋርጥ እኔ ስምንተኛ ደርሼ ነው ያገባኸኝ፤ ጽሕፈቴን ግን የዶሮ ጭረት ነው እያልክ ትቀልድበት ነበር። አሁን ቀስ ብለህ አንብበው።

የተቀመጥኩት አውድማችን ዳር፣ ሾላው ሥር ነው። ሜላት ትምህርት ቤት ናት። ምርቱ አጠገቤ ነው፤ ሸራ አልብሼዋለሁ። አዎ፣ በግንቦት! ስትስቅ ይታየኛል። ሰው ሁሉ በጥር ያነሣውን አውድማ እኔ እስካሁን ያላነሣሁበትን ምክንያት ልነግርህ ነው ወረቀት የያዝኩት። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ።

ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ያንን ጥር ታስታውሰዋለህ? እኔ እንደዚያ ያለ ማሽላ አይቼ አላውቅም። ከሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ ባመጣኸው ዘር ስንት ሰው ሳቀብህ፣ ኋላ ግን ዛላው ከብዶት አገዳው እየጎበጠ ሲያዩ ዘር ስጠን ብለው በራችን ላይ ተሰለፉ። አንተ ማማው ላይ ወጥተህ ወንጭፍ ታጮህ ነበር። እኔ ምሳ ይዤ ከታች ስጠራህ ወፉን ትተህ በጭቃ ድብልብል እኔን ትመታኝ ነበር። አንድ ቀን ሳህኑን መተህ ሽሮው ሲደፋ ለሦስት ቀን አኩርፌሃለሁ። አሁን ባኮርፍህ ማን ያባብለኛል? ያን ጊዜ ሰው አይየን እንጂ ሌላ ምንም የሚያሳስበን ነገር አልነበረም።

ለውቂያው ጎረቤታችን ሙሐመድዘይን በወንፈል በሬዎቹን ይዞ መጣ። ገለባው እስከ ጉልበት፣ አቧራው ሌላ። አንተ ከኋላ እየነዳህ ታንጎራጉር ነበር፦

«ዙርልኝ በሬዬ፣ ደግመህ ዙርልኝ፣
ገለባው ለነፋስ፣ ፍሬው ይትረፍልኝ።»

እውነቱን ልንገርህና ድምፅህ ጥሩ አልነበረም። ሙሐመድዘይን ይሻልህ ነበር። በሬዎቹ ግን ያንተን ነበር የሚሰሙት፤ አንተ ዝም ስትል ይቆማሉ። እኔም ብሆን ወፍጮ ቤት ስሄድ፣ እንጨት ስለቅም ሳላውቀው የማንጎራጉረው ያንኑ ነው። ያን የተሰነጠቀ ድምፅህን አሁን ብሰማው ምን እሰጥ ነበር!

እንዲያ እያለን ነው መኪናዋ ከዋናው መንገድ ተገንጥላ ሜዳው ላይ የቆመችው። ባለቆብ ሰዎች ወረዱ። እዚህ ሜዳ ላይ የሶላር ማመንጫ ሊተከል ታስቧል፣ መስታወት የመሰለ ነገር ከዳር እስከ ዳር ይነጠፋል፣ ከፀሐይ ለስንት ከተማ የሚበቃ መብራት ይወጣል አሉን። ሙሐመድዘይን ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየና፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሌላ እንጂ በፀሐይስ አንታማም አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ እነሱም ሳቁ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። እስክሪብቶ የያዘው ሰውዬ እዚያው ምርቱ ፊት ቆሞ ከዚህ መሬት ስንት ታገኛለህ ብሎ ጠየቀህ። ምርቱ ፊት! እኛ ሴቶቹ ደንግጠን እርስ በርስ ተያየን። አባባ ማሩ በመንሻቸው ጫፍ መሬቱን ይመቱ ጀመር። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ባያውቅ ነው። አውድማ ላይ ቁጥር እንደማይጠራ፣ አለቀ እንደማይባል፣ የሞት ወሬ እንደማይነገር፣ የመጣ ሰው ይበርክት ብሎ ሥራ እንደሚይዝ ማን ይንገረው? የኛ ልጆች አፍ ሳይፈቱ የሚያውቁት ነገር ነው። ስንት ነው ከተባለ በረከቱ ይሸሻል፣ ጎታ ሳይደርስ ያልቃል ተብለን ነው ያደግነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው፤ ሙሐመድዘይንም በረካው ይነሣል ነው የሚለው።

አንተም እንደ ወጉ መለስክለት። ምን አለና ነው፣ የምንዘራው ለወፍ ነው፣ ከድካም በቀር ቤት የሚገባ የለም አልከው። ከጀርባህ ምርቱ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ! ሳቄን ለመያዝ ነጠላዬን ነከስኩ። ሰውዬው ሁሉም ገለባ መስሎት ነው መሰል፣ እያዘነልህ ጻፈ። የቀሩትን ሲጠይቅ ሁሉም ያንተኑ ደገሙለት። ከዚያ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካላቸውን በየቦታው ቸከሉ፤ አንዱን አውድማችን ጥግ ቢተክሉት አንተ ወዲያው ጥጃ አሰርክበት።

እነሱ ሄደው፣ ምርቱ ጎታ ከገባ በኋላ፣ እውነተኛውን በጆሮዬ ነገርከኝ። አፍህ ጆሮዬን ሲነካው ኮርኩሮኝ ሳቅኩና ደግመህ ነገርከኝ። ከእግዚአብሔርና ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ቀጥሎ ያ በሽታ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ሶላሩንም ባለቆቦቹንም ረሳናቸው። አንተ በሐምሌ ከሰፈሩ ልጆች ከነደጀን ጋር ዘምተህ በወልድያ በኩል ወጣህ። ብዙም ሳይቆይ ወልድያም መርሳም ተያዙ። ስለነዚያ ወራት ብዙ አልጽፍልህም፤ ስትመጣ ብዬ ያቆየሁት ብዙ ነበር፣ አሁን ግን ከአፌ ማውጣቱም ያስጠላኛል። መብራት የለም፣ ወፍጮ የለም፣ መድኃኒት የለም። ከወልድያ ገዝተህ ጣራው ላይ አጣመህ የሰቀልካት ትንሿ ሶላር ብቻ ትሠራ ነበር። እንዲያ ስለጠመመች ከመንገድ አትታይም፤ ሰዎቹ ሳያዩዋት ቀሩ። አሰቃቀልህን ስንት ጊዜ ተችቼህ ነበር! ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ግን ጠቅማናለች።

ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን እየያዘ ይመጣ ነበር። ኔትወርክ የለ፣ የሚደወልለት የለ፤ የሚሞሉት ፎቶ ለማየት ነው። ሁሉም የሄደበትን ሰው ፎቶ አይቶ ያጠፋዋል፣ ቻርጁ እንዳያልቅበት። እኔም በሠርጋችን ማግሥት ሾላው ሥር የተነሣነውን አያለሁ። ኮትህ ሰፍቶህ የሰው ኮት ትመስላለህ፤ ለነገሩ የሰው ኮት ነው። ይህን የምነግርህ ሰው ሰምቶ መብራት ጠላች እንዳይለኝ ነው። ጨለማን ቀምሻለሁ፤ ከፀሐይ መብራት የሚያወጣ ሰው ቢመጣ እግሩን አጥቤ ነው የምቀበለው።

በታኅሣሥ ሰዎቹ ሲወጡ ማሽላው ማሳ ላይ ነበር። ወፉና ሰዉ ተካፍለውት የተረፈውን እኔና አባትህ ቆርጠን አገባን። መሬትህን ታውቀዋለህ፣ ያ ሁሉ ሆኖበት እንኳ አላሳፈረንም። ሙሐመድዘይን ጠርቼው ሳይሆን ራሱ በሬዎቹን ነድቶ መጣ። ዳልቻው ብቻውን ስለሆነ ከሱ በሬ ጋር አጣመደው። ሲነዱ የሚያንጎራጉር ጠፋ። በሬዎቹ ቆም ቆም ሲሉብን ሙሐመድዘይን ያንተኑ ግጥም ጀመረና መሀል ላይ ድምፁ እምቢ አለው፤ አባባ ማሩ ተቀብለው ጨረሱት። አባትህ ሲያንጎራጉሩ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ያን ቀን ገና ሰማሁ።

ነፋስ ጠብቀን ምርቱን ልናወጣ ተዘጋጅተን ሳለ ደጀን በምርኩዝ ሜዳውን ሲያቋርጥ አየሁት። ብቻውን ነበር። ከሩቅ ሳየው እጄ ላይ የነበረው የእንጨት ላይዳ ወደቀ። ከፊት ከፊቱ፣ ከኋላ ከኋላው አየሁ፤ የሚከተለው ሰው አልነበረም። አውድማው ዳር ደርሶ ቆመ። ፊቱ ከስቶ አፍንጫ ብቻ ሆኗል። አፉን ሲከፍት ይበርክት በል እንጂ አልኩት። ምርኩዙን አስተካክሎ ያዘ። ድጋሚ፣ አውድማ ላይ ነው የቆምከው፣ ይበርክት በል አልኩት፤ እንደ ልጅ ነው የተቆጣሁት። ይበርክት አለ። መንሹን አንሥቼ እጁ ላይ አደረግሁለት፤ አውድማ የመጣ ሰው ሥራ ይይዛል እንጂ ወሬ ይዞ አይቆምም አልኩት። በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በአንድ እጁ መንሽ ይዞ ቆመ፤ ዓይኑ ግን ይፈስ ነበር። አባባ ማሩ ምን ሆንክ ቢሉት እብቅ ገባብኝ አላቸው። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አውድማው ተነሣ ወይ ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ። እሺ ብሎ ያልፋል። ደግ ልጅ ነው፣ ወጉን ጠብቆልኛል።

እንግዲህ ገባህ። ምርቱን ትንሽ ትንሽ እያልኩ አገባሁ፤ ከሥሩ ያለውን ግን ሸራ አልብሼ ተውኩት። ሰው ሲጠይቀኝ ገና ያልነፈሰ አለ እላለሁ። የቀበሌው ሰው የዘመቱትን የት እንዳሉ ሊጠይቅ ሲመጣ አውድማ ላይ ነኝ፣ ሌላ ቀን ና አልኩት፤ እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነውና ቆቡን አውልቆ ይበርክት ብሎኝ ሄደ። ሴቶቹ መጀመሪያ ይቀልዱብኝ ነበር፣ የዚች ሴት አውድማ የገብርኤል ጠበል ሆነ እንዴ፣ አይነጥፍም ይሉ ነበር። አሁን መቀለዱን ትተውታል። ሜላት በትምህርት ቤት ቁጥር ተምራ ሁሉን ትቆጥራለች። አባዬ ከሄደ ስንት ቀን ሆነው ብላ ስትጀምር አፏን ያዝኩት። ለምን ብትለኝ አውድማችን ክፍት ነው፣ አይቆጠርም አልኳት።

አንድ ጠዋት ከአባትህ ጋር አጥሩ በር ላይ ተገጣጠምን። ጋቢያቸውን እንደ ለቅሶ ቤት አዘቅዝቀው ለብሰውታል። ሲያዩኝ ደነገጡና አቃንተው ለበሱት። በጨለማ ተነሥቼ ሳላይ ነው አሉኝ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። እኔም እንደምን አደሩ አባባ ብዬ ወደ ምንጭ ወረድኩ፤ ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አልተነጋገርንም።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል እኔ ቅር አይለኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን መኪናዋ ተመለሰች። አሁን የመጣችው ህሊና የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት፣ የወልድያ ልጅ፤ ቤታቸው ተዘርፎ ምንም ሳይተርፍላቸው ነው ሥራዋን የቀጠለችው። ቆሞ የነበረው ጥናት እንደገና ተጀምሯል፣ ሜዳው ለሶላሩ ተመርጧል፣ እናንተም ምትክና ካሣ ይታሰብላችኋል አለች። ሙሐመድዘይን ከወንዙ ማዶ ያለውን ድንጋያማ ሸንተረር አሳያትና፣ ልጄ፣ ፀሐይዋ እዚያም ያቺው ናት፣ እባብና እሾህ ብቻ ያለበትን ትታችሁ ስለምን እኛ ላይ መጣችሁ አላት። እሷ ከጥናቱ አነበበችልን፤ ሸንተረሩ ለሥራው አስቸጋሪ ነው፣ ሜዳው ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው እንደተናገሩት ምርቱ እዚህ ግባ የማይባል ነው ይላል። ለወፍ ነው የምንዘራው የሚለው ቃልህ ሳይቀር እንዳለ ሰፍሯል። ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኛ በረከቱ እንዳይሸሽ ብለን የዋሸነው ውሸት መሬቱን ራሱን ሊያሸሸው ነው። በገዛ አፋችን!

አባባ ማሩ ልጅቱን ከአውድማው አርቀው እስከ መኪናዋ ድረስ እየሸኙ ወጉን አስረዷት። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች አሉ። ተመልሳ መጥታ፣ ጥናቱ ሊታረም ይችላል፣ ግን ቃሉን የሰጠው ቤት ራሱ ሐሙስ መርሳ በሚደረገው ስብሰባ ቆሞ እውነተኛውን ይናገር፣ የዘንድሮንም ምርት ያስረዳ አለች። ከዚያ ሸንተረሩ እንደገና እንዲታይ እጠይቃለሁ፣ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባላችሁም አለች። ቃል አልገባም ማለቷን ወደድኩላት።

ቃሉን የሰጠው ቤት የኛ ነው። የሰውን ምርት ሌላ ሰው አይናገርም፤ አንተ እዚህ ስለሌለህ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። አውድማዬ ደግሞ ክፍት ነው። ክፍት አውድማ ይዤ በሰው ፊት ቁጥር ልጥራ? አምናለሁ፣ አላምንም ብዬ ልከራከርህ አልችልም፤ ብቻ አፌ እሺ አይልም። ሙሐመድዘይን እንኳ፣ ያ ሁሉን በቀልድ የሚያልፍ ሰው፣ መጀመሪያ አንሺው እህቴ ብሎ በቀስታ ነገረኝ። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ሁሉም ሜዳው ላይ ነው የሚኖረው፤ እነሱም ልጆች አሏቸው። ማንም ግን ፍጠኚ ያለኝ የለም።

ትናንት አባትህ መጥተው እዚህ ከጎኔ ተቀመጡ።  ቆይተው ሸራውን ገለጥ አድርገው ከሥር አሳዩኝ። ያለፈው ሰሞን ዝናብ ገብቶበት ዳር ዳሩ በቅሏል፤ አረንጓዴ ሆኗል። እኔ መብቀሉን አይቼ ነበር፤ እሳቸው እንዳያዩብኝ ነው ሸራውን የጎተትኩት። ይበሰብሳል ልጄ አሉኝ። አውቃለሁ አባባ አልኳቸው።  ከዚያ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው፣ እባክሽ ልጄ፣ ጋቢዬን እንደሚገባኝ ልልበሰው፣ አርጅቻለሁ፣ ደከመኝ አሉኝ።

የሜላት አባት፣ እኔ ያን ጊዜ ነው የተሰበርኩት። ያንተ አባት፣ የልባቸውን ለመልበስ እኔን ፈቃድ ጠየቁኝ። ያን ሁሉ ወር ሰው እንዳያያቸው በንጋት እየለበሱ፣ እኔ ስመጣ እያቃኑ ኖረዋል። እኔ አንተን ይዤ የተቀመጥኩ መስሎኝ እሳቸውን ነው ያሰርኩት። ጉልበታቸውን ስሜ እሺ አልኳቸው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት አውድማውን አነሣለሁ። ሙሐመድዘይን ማዳበሪያ ይዞ ይመጣል፣ ዱዓም አደርጋለሁ ብሏል። የበቀለውን ለይቼ ለዳልቻው እሰጠዋለሁ፣ ደህናውን ሰፍሬ አስገባለሁ፣ እጅ ሙሉ ለወፎቹ እተዋለሁ፤ አንተ ስትጣላቸው ኖረሃልና ያንተን ካሣ ይውሰዱ። መሬቱን እጠርጋለሁ። ጠርጌ ስጨርስ ደጀን ይመጣል። አውድማው ነገ ይነሣል ብዬ ትናንት ላክሁበት። ሁለት ጊዜ እርግጥ ነው ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። እርግጥ ነው አልኩት።

እፈራለሁ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? በጣም እፈራለሁ። ሐሙስ ግን መርሳ እወርዳለሁ፤ ያንን የወደድከውን ሰማያዊ ቀሚስ ባልለብስም፣ ቆሜ እናገራለሁ። ባሌ የዋሸው ወግ አክብሮ ነው፣ ይህ መሬት እንዲህ ያለ መሬት ነው እላቸዋለሁ። ያንንም ዓመት፣ ይህንንም ዓመት እጠራላቸዋለሁ። በጆሮዬ የነገርከኝን በአደባባይ ስናገረው እንዳትቆጣኝ። ሜዳው ቢተርፍ ያንተ ነው፤ ባይተርፍም ለወፍ የሚዘሩ ሰዎች ነበሩ እንዳይባል ነው። ቁጥሩን ከሁሉ በፊት ላንተ ልጽፍልህ አሰብኩና ተውኩት። ገና ክምሩ አጠገቤ ነው።

ይህን ደብዳቤ ነገ ለደጀን እሰጠዋለሁ። ነግሮኝ ከጨረሰ በኋላ ይወስድልሃል፤ ያለህበትን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። መንገዱ ሰላም ሲሆን እኔንና አባትህን ይዞን ይሄዳል። ጋቢህን እኔ ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ።

በል፣ ፀሐይዋ ዞረች፣ ሜላትም ልትመጣ ነው። እመቤቴ ከጎንህ አትለይህ። ብርዱን ታርቅልህ። ስምህን ሜላት ትጥራልህ፣ መሬትህ ዘር አይጣ። ገለባ ያለበት ያ ምርቃት አንድ ቀርቶኛል፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ አንተም ታውቀዋለህ። እሱን ዛሬ አልመርቅህም፤ አውድማ ላይ ነኝ። ነገ ጠዋት፣ ጠርጌ ስጨርስ።

ናፋቂህ ሚስትህ፣
የሜላት እናት